ቀይ ቀለም ደም አይደለም

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው እጅግ የሚፈራቸው መጻሕፍት ልብ ወለድ አይደሉም። ሳይነበቡ የሚያስፈሩ ናቸው። ስማቸው ሲነሣ የሚያማትበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ እንኳ ገልጦ አያውቅም፤ ቢገልጠውም ግእዙን አይሰማም። ስለዚህ በውስጣቸው ያለውን በተራ ማየት ይበጃል።

1. ዐውደ ነገሥት። ቤት ውስጥ ያስቀመጠውን ያሳብዳል፣ ጀምሮ ያልጨረሰውን ያስለክፋል ይባልለታል። የሥራው እምብርት ግን ሒሳብ ነው። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደል በፊደል ተቆጥሮ ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የሚተርፈው ቁጥር ኮከቡን ይናገራል። 1 ከተረፈ ሐመል፣ 2 ከተረፈ ሰውር፣ 3 ከተረፈ ገውዝ እያለ እስከ ሑት ይወርዳል። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፦ ሐመል በግ፣ ሰውር በሬ፣ ሑት ዓሣ። በየመጽሔቱ የኋላ ገጽ «የሳምንቱ ኮከብዎ» እየተባሉ የሚወጡትም እነዚሁ 12ቱ ናቸው። ያንን ቡና እየጠጣ የሚያነብ ሰው ይህንን ሲያይ ለምን እንደሚደነግጥ መጠየቅ ያለበት ራሱን ነው።

2. ልፋፈ ጽድቅ። «የጽድቅ መጠቅለያ» እንደ ማለት ነው። የሚፈራው ከሬሳ ጋር ስለሚቀበር ነው። ይዘቱ እመቤታችን ኃጥአን የሚቀጡበትን እሳት አይታ ለወገኖቿ መዳኛ እንዲሰጣት ልጇን ስትለምን፣ እሱም ኅቡእ ስሞቹን ሲገልጥላት ነው። የግብፃውያንን የሙታን መጽሐፍ የተረጎመው እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በ1929 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲያሳትመው፣ በርዕሱ ሥር «የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ» የሚል ጨመረበት። ቅጽሉ ከመጽሐፉ በላይ ዝነኛ ሆነ።

3. ክታብ። ይህ መጽሐፍ እንኳ አይደለም፤ ጠባብ የብራና ጥቅል ነው። ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅና በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። በየስልኩ የሚዞር አንድ ቪዲዮ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፦ አንድ እጅ ጥቅሉን ይፈታል፣ ሙዚቃው ያስገመግማል፣ «በሰው ደም የተጻፈ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ቀይ ቀለም ነው! ደም ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ቡናማ ይሆናል፤ መቶ ዓመት ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚቆይ ደም የለም። ጸሐፊዎች ጥቁሩን ከጥላሸት፣ ከተጠበሰ እህልና ከሙጫ፣ ቀዩን ከዕፅና ከማዕድን ያዘጋጃሉ። በቀይ የሚጻፈው የጸሎቱ መክፈቻ፣ የቅዱሳን ስምና የባለቤቱ ስም ነው። በአያት ሳጥን ውስጥ ያለው ዳዊትም እንዲሁ ቀይ አለበት፤ እሱን ደም ነው ያለ ግን የለም።

ቀጥሎ የሚያስደነግጠው ሥዕሉ ነው። ትልልቅ ዐይኖች፣ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፤ ጠልሰም ይባላል። ዐይኖቹ የሚያፈጡት በታማሚው ላይ ሳይሆን ባደረበት መንፈስ ላይ ነው፤ አይቶ እንዲሸሽ። የባርያ፣ የሌጌዎን፣ የቡዳና የዐይነ ጥላ ስም የሚዘረዘረውም ለመጥራት አይደለም፤ ለማባረር ነው። የሐኪም ወረቀት ላይ የበሽታ ስም መጻፉ በሽታውን አያመጣም። በክታብ ላይ ደጋግሞ የሚገኘው የሱስንዮስ ታሪክ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ስለ ወጋው ቅዱስ ነው፤ የሚጻፈውም ልጅ ለሚሞትባት እናት ነው።

ይህ ማለት ቤተ ክርስቲያን ሁሉን ትቀበለዋለች ማለት አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስማተኞችን አጥብቆ ተዋግቷል፤ ክርክሩ የቆየ ነው። ይሁን እንጂ ሳይነበብ ማቃጠል ክርክር አይደለም። ጸበል ቦታ ላይ የሚቃጠለው ክታብ ስንቱ እንደሆነ የሚመዘግብ የለም። ካልተቃጠለው አንዳንዱ ተቆራርጦ ሥዕሉ ለቱሪስት ይሸጣል። ተርፎ መዝገብ ቤት የገባውም ቢሆን ዕድሉ አንዳንዴ ያው ነው፦ ካርዱ ላይ «አስማት» የምትል አንዲት ቃል ተጽፋበት ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ቁመቱ፣ ባለቤቱ፣ በውስጡ ያሉት ጸሎቶች አይመዘገቡም። ተማሪ ሊያየው ሲጠይቅም ደብዳቤ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ሠራተኛው ራሱ ሳጥኑን ለመንካት ይፈራልና።

ሳጥኑን የከፈተ የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ የሴት ስም ነው፤ ወለተ እገሌ፣ አመተ እገሌ። አንዳንዱ ላይ የመጀመሪያዋ ስም በቢላዋ ተፍቆ፣ ብራናው እዚያ ጋ ሳስቶ፣ በጠባቡ ቦታ የሁለተኛዋ ስም ተጨምቆ ተጽፏል። እሱም በቀይ ነው።