አውቶቡሱ ለምን ይዘገያል? የመጠበቅ ስሌት ከመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ እስከ አዲስ አበባ ጎዳና

ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው ሌሊቱን በቅጡ አይተኛም። ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ይደርሳል። ረዳቱ «ደብረ ታቦር! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። መንገደኛው ገብቶ ሲቆጥር ግን ከግማሽ የሚበልጠው ወንበር ባዶ ነው። መኪናው መቼ እንደሚነሣ ከዚያ ካለው ሰው አንድም የሚያውቅ የለም። ስለዚህም ብዙ ሰው አማራጭ ሲያጣ ከቀጠሮው አንድ ቀን አስቀድሞ ይጓዛል፤ ለማደሪያና ለምግብም ያወጣል። በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ ያለ መንገደኛ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ውድ አንባብያን፣ የሕዝብ ማመላለሻ ችግር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መኪና ይጨመር» የሚል ነው። መልሱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ በመጠበቅ ከሚባክነው ጊዜ ብዙው የሚመነጨው ከመኪና ማነስ ሳይሆን ከአሠራር ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በቀላል ስሌት እንመለከታለን።

«ሲሞላ እንነሣለን»

12 መንገደኛ የሚይዝ አንድ ሚኒባስ እንውሰድ፤ በየ5 ደቂቃውም አንድ መንገደኛ ይመጣል እንበል። የመጀመሪያው ሰው መኪናው እስኪሞላ 55 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ግን እንደገባ ይነሣል። የሁሉም አማካይ 27 ደቂቃ ተኩል ነው። በገበያ ቀን በየደቂቃው አንድ ሰው ቢመጣ አማካዩ ወደ 5 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። ከዚህ እንደምንረዳው መንገደኛ ሲበዛ የእያንዳንዱ ሰው ጥበቃ ያጥራል፤ መንገደኛ ሲያንስ ደግሞ ይረዝማል። ጥበቃው ሲረዝም የቸኮለው ሰው ሌላ መላ ይፈልጋል፤ እርሱ በቀረ ቁጥርም የቀሩት የበለጠ ይጠብቃሉ። ኸርበርት ሞህሪንግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር የመንገደኛ ቁጥርና የጥበቃ ጊዜ እንዲህ የተሳሰሩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል።

አሁን ደግሞ ይኸው መኪና በየሰዓቱ በተወሰነ ደቂቃ ይነሣል እንበል። በ60 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ የሚመጡት መንገደኞች ያው 12 ናቸው። የጉዞው ብዛት አልተለወጠም፤ የተጨመረ መኪናም የለም። ሆኖም ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ከ10 ደቂቃ በላይ የሚቀመጥበት ምክንያት አይኖርም። የተለወጠው ዕውቀቱ ብቻ ነው።

ታዲያ ባለመኪናው ለምን በሰዓት አይነሣም? ምክንያቱ ስስት ብቻ አይደለም። መንገደኛ በእኩል ልዩነት አይመጣም፤ አንዱ ሰዓት 8 ሰው፣ ሌላው 16 ሰው ሊያመጣ ይችላል። በ8 ሰው የተነሣ መኪና የነዳጅ ወጪው በ12 ሰው ከተነሣው ብዙም አያንስም። እንግዲህ «ሲሞላ እንነሣለን» ማለት ያልታወቀውን ነገር ዋጋ ማን ይክፈል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ በዚህም መልስ የሚከፍለው መንገደኛው ነው፤ ክፍያውም በጊዜ ነው።

የፌርማታው እንቆቅልሽ

በትልልቅ ከተሞች አውቶቡስ እስኪሞላ አይቆምም፤ በዚያም ቢሆን ጥበቃ አለ። በአንድ መስመር በሰዓት 6 አውቶቡሶች ያልፋሉ እንበል። በትክክል በየ10 ደቂቃው ቢመጡ ሰዓቱን ሳያውቅ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን ግን ሁለት ሁለት እየሆኑ ይምጡ፤ በሁለቱ መካከል 2 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ጥንድ 18 ደቂቃ ይሁን። ቁጥራቸው ያው በሰዓት 6 ነው። ከ10 መንገደኞች 9ኙ ግን የሚደርሱት በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ስለሆነ በአማካይ 9 ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ብቻ 1 ደቂቃ ይጠብቃል። የሁሉም አማካይ 8.2 ደቂቃ ይሆናል። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ «በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ» ይላል፤ መንገደኛው ደግሞ «ሁልጊዜ ይዘገያል» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

አውቶቡሶች ተከታትለው የሚመጡበትን ምክንያት ጎርደን ኒዌልና ሬንፍሪ ፖትስ እ.ኤ.አ. በ1964 በሒሳብ ገልጸውታል። አንድ አውቶቡስ በመንገድ መጨናነቅ ጥቂት ቢዘገይ በሚቀጥለው ፌርማታ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ ሰዉን ለማሳፈር ተጨማሪ ጊዜ ስለሚወስድ የበለጠ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚያገኝ ይፈጥናል፤ በመጨረሻም ይደርስበታል። ፊተኛው ታጭቆ ኋለኛው ባዶ ሆኖ የምናየው ስለዚህ ነው። መፍትሔውም ከተለመደው አስተሳሰብ ተቃራኒ ይመስላል፤ ቀድሞ የመጣውን አውቶቡስ በተመረጡ ፌርማታዎች ጥቂት ማቆየት ነው። እርሱ ሲቆይ ጠቅላላው መስመር ይፈጥናል።

ፍጥነት ከሞተር ብቻ አይገኝም

የከተማ አውቶቡስ ከጊዜው ቀላል የማይባለውን ክፍል የሚያጠፋው በመቆም ነው። በአንድ በር 40 ሰው እየከፈለ ቢገባና እያንዳንዱ 3 ሰከንድ ቢወስድ 2 ደቂቃ ያልፋል። በጉዞው ሁሉ 15 እንዲህ ያሉ ፌርማታዎች ቢኖሩ 30 ደቂቃ በበር ላይ ቀረ ማለት ነው። ሂሳቡ አስቀድሞ ቢከፈልና በሁለት በር ቢገባ ይህ ጊዜ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ከከፈተች በኋላ፣ በ1991 መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት የሚከፍልባቸውን የቱቦ ቅርጽ ያላቸው ፌርማታዎች የሠራችው ለዚህ ነው። ዳሬሰላምም እ.ኤ.አ. በ2016 በ21 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ተመሳሳይ አሠራር ጀምራለች።

ፍጥነት ሌላም ትርፍ አለው። 12 አውቶቡሶች ደርሶ መልስ 120 ደቂቃ በሚፈጅ መስመር ላይ ቢሠሩ በየ10 ደቂቃው አንድ ይደርሳል። ጉዞው ወደ 90 ደቂቃ ቢያጥር እነዚያው 12 አውቶቡሶች በየ7 ደቂቃ ተኩል ይደርሳሉ። ይህን ምልልስ በ120 ደቂቃ ጉዞ ለማግኘት 4 ተጨማሪ አውቶቡሶች መግዛት ግድ ይል ነበር።

በአገራችን የራሱ መንገድ ምን እንደሚያስገኝ የታየው በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ሁለት መስመሮች፣ 39 ጣቢያዎችና 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ሐዲዱ ለብቻው የታጠረ በመሆኑ የመኪና ሰልፍ አይዘውም ነበር። በኋላ ግን በመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ብዙ ባቡሮች ቆሙ፤ በሐዲዱ ላይ የሚመላለሱት ባነሱ ቁጥር ክፍተቱ ሰፋ፤ ጣቢያዎቹም በሰልፍ ተጨናነቁ። ከዚህ የምንማረው አስተማማኝነት በመንገድ ብቻ እንደማይገኝ ነው፤ የጥገና ክፍሉና የመለዋወጫ መጋዘኑም የመስመሩ አካል ናቸው።

ለመካነ ኢየሱስ የሚበጀው

መካነ ኢየሱስን ለምታህል ከተማ የተለየ የአውቶቡስ ጎዳናም ሆነ ሐዲድ አንመክርም። በጥቂት ወጪ የሚሞከሩ ሦስት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚነሣ አንድ መኪና ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ይነሣ፤ የባዶ ወንበሩን ኪሳራ በተራ የሚሠሩት ባለመኪናዎች በጋራ ይካፈሉት። የቀጠሮ በሽተኛው፣ ተማሪውና ባለጉዳዩ ወደዚያ መኪና ስለሚሰበሰቡ ከጊዜ በኋላ ኪሳራው ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ለሌሎቹ መኪናዎች የመጨረሻ የመቆያ ገደብ ይወሰን፤ ከሞላ ቀድሞ ይነሣል፤ ካልሞላም ገደቡ ሲደርስ ይነሣል። ገደቡ ግን በግምት መወሰን የለበትም። ከላይ ባየነው ምሳሌ 30 ደቂቃ ብንል መኪናው ግማሹን ብቻ ይዞ ይነሣልና ባለመኪናው አይቀበለውም። ስለዚህ ሦስተኛውና ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ መቁጠር ነው። ተራ አስከባሪው መኪናው ተራ የያዘበትን ሰዓት፣ የተነሣበትን ሰዓትና የያዘውን ሰው ብዛት ለአንድ ወር በደብተር ቢመዘግብ ገደቡን ከዚያ ማውጣት ይቻላል።

በሕዝብ ማመላለሻ ሥራ ነዳጅ ይቆጠራል፤ ወንበር ይቆጠራል፤ ብር ይቆጠራል። ከንጋት ጀምሮ በመስኮት በኩል የረዳቱን ጀርባ እያየ የተቀመጠው በሽተኛ የሚያጠፋው ሰዓት ግን በማንም ደብተር ላይ አልሰፈረም። ሥራው ከዚያ ደብተር ይጀምራል።