«እስከ» ወሰኑን ያጠቃልላልን?

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትምህርት ለጀማሪዎች በአማርኛ ሲተረጐም አብዛኛው ክርክር በስያሜ ላይ ያተኩራል። አንድን ትእዛዝ እየደጋገመ የቁጥሮች ዝርዝር የሚሠራው የፕሮግራም ክፍል «ዑደት» ይባል ወይስ «ድግግሞሽ»? «ዙረት» ሥራ ፈትነትን ስለሚያስታውስ ይቅር። እኛ ክፍሉን በጠቅላላው «ዑደት»፣ ትእዛዙ አንድ ጊዜ መፈጸሙን ደግሞ «ዙር» ማለትን እንመርጣለን። ከቤቴል ጦር ኃይሎች የሚመላለስ ሚኒባስ በየዙሩ ሌላ ተሳፋሪ እንደሚጭን ሁሉ፣ ዑደቱም በየዙሩ አዲስ ቁጥር በዝርዝሩ ላይ ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ተማሪውን ይበልጥ የሚያሳስተው «እስከ» የተባለው ትንሽ መስተዋድድ ነው። በ1956 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው በቤዚክ ቋንቋ ከ1 እስከ 10 የሚሄድ ዑደት 10ንም ይጨምራል። በ1983 ዓ.ም. ለሕዝብ በቀረበው በፓይተን ግን «ሬንጅ» የተባለው ትእዛዝ 1 እና 10 ሲሰጡት 9 ላይ ያቆማል። ሁለቱንም «ከ1 እስከ 10» ብሎ መተርጐም ጉዳት አለው፤ በዚህ ትርጕም ተመርቶ የአሥር ተማሪዎችን ውጤት በፓይተን የሚደምር ጀማሪ የአንዱን ውጤት ያስቀራል፤ ማሽኑም ስሕተት ተሠራ ብሎ አይናገርም።

ነገሩ ከሰዋስው ጋር የተያያዘ ነው። «እስከ» ከስም ጋር ሲነገር ብዙውን ጊዜ ወሰኑን ያጠቃልላል፤ «ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው» የተባለ መሥሪያ ቤት ዓርብ አይዘጋም። ከግሥ ጋር ሲጣመር ግን ድርጊቱ የሚያበቃበትን ያመለክታል፤ «እስክመጣ ጠብቀኝ» ሲባል ሰውየው ሲመጣ መጠበቁ ይቀራል። ስለዚህ ለቤዚክ «ከ1 እስከ 10» ይበቃል። ለፓይተን «10 እስኪደርስ» ማለት ይቻል ነበር፤ አንዳንዱ አንባቢ ግን 10ንም ሊቈጥር ስለሚችል «ከ1 ጀምሮ 10 ላይ ሳይደርስ» የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

የዜሮም ጉዳይ አለ። የግእዝ አኃዝ ከ፩ ይነሣል፤ ዜሮ የለውም። በፓይተን ግን የዝርዝሩ የመጀመሪያ አባል የሚጠራው በ0 ነው። ይህን «ተራ ቁጥር» ብንለው «የአንደኛው አባል ተራ ቁጥር 0 ነው» የሚል እርስ በርሱ የሚጋጭ ዐረፍተ ነገር ይወጣል። «ርቀት» ብንለው ግጭቱ ይወገዳል፤ ለዚያ ሚኒባስ ቤቴል አንደኛው ማቆሚያ ነው፤ ከመነሻው ያለው ርቀት ግን 0 ነው። በዚሁ መሠረት በአሥር አባላት ዝርዝር ውስጥ የአሥረኛው አባል ርቀት 9 ይሆናል።