የልጅ ወገብና የተወሰደው ክፍለ ጊዜ

በአንድ የአዲስ አበባ ክሊኒክ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የነበሩ አባት ነርሷን ይማጸኑ ነበር፦ «እህቴ፣ ኤምአርአይ ብቻ ይጻፍልኝ፤ የተባለውን እከፍላለሁ።» ታማሚዋ የ15 ዓመት ልጃቸው ናት። ወገቧን ማመም ከጀመራት ወራት አልፈዋል። አያቷ «አንቺ ደግሞ ምን ወገብ አለሽ?» ብለው ስቀውባታል፣ እናቷ በቦርሳዋ አሳብበዋል፣ ወጌሻ አሽቷታል። አባት ዲስክ ነው ብለዋል። ልጅቷ ከመቀመጥ ሌላ ምን እንደምትሠራ ግን የጠየቃት አልነበረም። ይህ ጥያቄ ከክሊኒኩ አብሮኝ ወጣ።

የአያትየው ሳቅ ከማስረጃ ጋር አይገጥምም። በ1998 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ የዴንማርክ የመንትዮች ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሴቶቹ 18፣ ወንዶቹ ደግሞ 20 ዓመት እስኪሞላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወገባቸውን ታመዋል። አብዛኛው ሕመም በኤምአርአይ የሚታይ የተለየ ጉዳት የለውም፤ በራሱም ይሻላል። ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የእግር መዛል ካለ ግን ፈጥኖ ሐኪም ማየት ግድ ነው። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም አለና።

ቦርሳውስ? በርካታ ጥናቶችን መርምሮ በ2018 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ የቦርሳ ክብደት የልጆችን ወገብ ለሕመም እንደሚያጋልጥ የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘም።

ጡንቻን በተመለከተ ግን የዴንማርኮቹ ታሪክ ደስ ይላል። ሐኪሙ ፊን ቢሪንግ-ሶረንሰን ከኮፐንሃገን ዳር ባለችው ግሎስትሩፕ ከ900 በላይ ጎልማሶችን መረመረ። ተመርማሪው በሆዱ ይተኛል፤ ዳሌውና እግሩ ከአልጋው ጋር በማሰሪያ ይታሰራል፤ ከወገብ በላይ ያለው አካሉ ከአልጋው ጠርዝ ወጥቶ አየር ላይ ይቀራል። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሳይወርድ የቻለውን ያህል ይቆያል። ጣሪያው 240 ሰከንድ ነው። ሐኪሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠይቃቸው፣ ረጅም ጊዜ የቆዩት ወንዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ወገባቸውን የመታመም ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ1984 ታተመ፤ ፈተናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በ2006 ደግሞ ሌሎች የዴንማርክ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 17 ገደማ የሆኑ ከ9 ሺህ በላይ ወጣቶችን አዩ። የልብና የሳንባ ብርታት ከጀርባ ሕመም ጋር አልተያያዘም፤ የጀርባ ጡንቻቸው ቶሎ የማይዝል ወጣቶች ግን ሕመሙ ያነሰባቸው ነበሩ። ድካሙ ሕመሙን ያምጣው ወይስ ሕመሙ ድካሙን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ልኬት አይለይም።

ይህን ይዤ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ልጆቹ ጀርባ አላቸው ወይ?» ስላቸው ሳቁ። «ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት አጎንብሰው የሚቆዩ ልጆች፣ በክርናችሁ ተደግፋችሁ ሰውነታችሁን ቀጥ አድርጉ ስላቸው ግማሽ ደቂቃ አይሞሉም» አሉኝ። «ምንጣፉን ዕቃ ቤት ውስጥ አይጥ በልቶታል። ኳስ እወረውራለሁ፤ ወንዶቹ ይራገጣሉ፣ ሴቶቹ ጥላ ይፈልጋሉ። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ የሒሳብ መምህሩ መጥቶ ‹ክፍለ ጊዜህን ስጠኝ› ይለኛል። እሰጠዋለሁ። የእኔ ትምህርት ማትሪክ ላይ አይመጣማ!» ቀጠሉም፦ «በሽታውን እኛ እናመርታለን፣ ክሊኒኩ ይሸጣል።»

ክፍለ ጊዜው ለምን እንደሚወሰድ አንድ የትምህርት ቢሮ ኃላፊ ጠየቅሁ። «ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉ፤ ኋላም «በደብዳቤ አቅርብ» አሉ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ ግን አልወጣም።

መዘዙን በአጭሩ ልበል፦ በጉርምስና ወገቡን የታመመ፣ ጎልማሳ ሲሆንም የመታመም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። በጉልበቱ ለሚያድር ሰው ወገብ መተዳደሪያው ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የአደጋ ምልክት ከሌለ ልጁን አልጋ ላይ አታስተኙት፤ ይንቀሳቀስ። ርዕሳነ መምህራንም የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ ለስፖርቱ መምህር ተዉለት። በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ጀርባና ሆድ ማሠራት ከአንድ ምንጣፍ በላይ ወጪ የለውም።