«ፓርክ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከእንግሊዝኛ መጥተው በአማርኛችን እንደ ቤተ ዘመድ ከተቀመጡት ቃላት አንዱ «ፓርክ» ነው፡፡ ቃሉ አጭር ነው፤ ትርጉሙ ግን ብዙ ነው፡፡ በዛሬው ጽሑፋችን ጥቂት ልንመረምረው ወደናል፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን፡፡

እንግሊዞች ቃሉን የወሰዱት ከጥንት ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ነገሥታትና መኳንንት የሚያድኑት አውሬ እንዳይወጣ የታጠረ ቦታ ማለት ነበር፡፡ የሎንዶኑን ሃይድ ፓርክ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1536 ለአደን ያዘው፤ በ1637 ለሕዝብ ተከፈተ፤ እንዲህ እያለ ቃሉ መናፈሻ ማለት ሆነ፡፡ ወታደሮች ደግሞ መድፍና ሠረገላ ተደርድሮ የሚቆምበትን ስፍራ «ፓርክ» አሉት፤ ዛሬ ባለመኪናው «ፓርክ አደረግሁ» ማለቱ ከዚሁ የመጣ ነው፡፡ በ1872 አሜሪካኖች የሎውስቶንን ሲከልሉ፣ ቃሉ አራዊቱና ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ምድርም ሆነ፡፡

በእኛም አገር እንዲሁ ነው፡፡ በ2019 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው አንድነት ፓርክ መናፈሻ ነው፡፡ በ2017 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፋብሪካ ሰፈር ነው፡፡ በዚያው በደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ የደንቆሮ ጫካ በ2009 የቦረና ሳይንት ፓርክ ተባለ፤ ይህኛው ግን የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው፡፡

እንግዲህ አንድ ወጣት ሹም ከመካነ ሰላም ወጥቶ ለደጋው ገበሬ «ይህ ፓርክ ነው» ቢለው፣ ገበሬው ምን ይስማ? ኮምቦልቻን ያየ እንደሆነ ፋብሪካ ሊመጣ መስሎት ይሰጋል፡፡ አዲስ አበባን ያየ እንደሆነ የከተማ ሰው መናፈሻ ይመስለዋል፡፡ የእርሱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የቤቴን ክዳን ሣር ከየት አጭዳለሁ? በበጋ ከብቶቼን ወዴት እነዳለሁ? አውሬ በግ ቢበላብኝ ለማን አቤት እላለሁ? ለእነዚህ አንዱንም ቃሉ አይመልስም፡፡

ነገሩ ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፡፡ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሰዎች የጓሳን ምድር «ቀሮ» በሚሉት ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሲጠብቁ፣ «ፓርክ» የሚል ቃል አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብቱም መቼ እንደሚገባ ባላገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፡፡

ስለዚህ ለወጣት ሹማምንትና ለተማሪዎች የምንለው ይህ ነው፡፡ በባዕድ ቃል መናገር ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ቃሉን ከተናገራችሁ በኋላ ወሰኑን፣ የተፈቀደውንና የተከለከለውን፣ አቤት የሚባልበትንም ደጅ በአማርኛ ዘርዝሩ፡፡ ገበሬው ሊጠብቀው የሚችለው የገባውን ነገር ነውና፡፡