አልነሣም ያለ ሰርቨር፦ ማሻሻያ በመሐል ሲቋረጥ ምን ይደረጋል?

ሰርቨር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተደርድሮ የሚያጓራ ውድ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ሰርቨርን ሰርቨር የሚያሰኘው ዋጋው ወይም ግዝፈቱ ሳይሆን ሥራው ነው። ሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚጠይቁትን ፋይል የሚያቀርብ ማንኛውም ኮምፒውተር፣ ከጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕም ቢሆን፣ ሰርቨር ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው አሶሳ ይህን መሰሉ የቤት ሰርቨር ከፍ ያለ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የመማሪያ መጻሕፍት፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችና የመምህራን ማስታወሻዎች ተጨምረውበት ከአንድ የዋይፋይ ማሰራጫ ጋር ቢገናኝ፣ የሰፈሩ ተማሪዎች ለካርድ ገንዘብ ሳያወጡ ይጠቀሙበታል።

እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰርቨር በሐምሌ ወር አንድ ምሽት የሶፍትዌር ማሻሻያ እየተጫነለት ነው እንበል። በአሶሳ ረጅሙ የዝናብ ወቅት ገና አላበቃም፤ መብረቁም አይጠፋም። ማሻሻያው ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። በማግሥቱ ሲበራ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ጥቂት የእንግሊዝኛ መስመሮች ታዩ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ሆነ። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ምክሩ ኮምፒውተሩን ያስነሣ ይሆናል፤ ነገር ግን ሌላ ቅጂ የሌለው የመምህር ማስታወሻና የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ፎርማት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን የማይገባው ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት፣ አስቀድሞ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተር እንዴት ይነሣል?

የኮምፒውተርን መነሣት የሚያመለክተው «ቡት» የሚለው ቃል የመጣው፣ ሰው የራሱን ጫማ ማሰሪያ ጎትቶ ራሱን ከመሬት ያነሣል ከሚለው የፈረንጆች አባባል ነው። ነገሩ የማይቻል ይመስላል። ፕሮግራምን ከዲስክ ወደ ሚሞሪ የሚያመጣው ፕሮግራም ነው፤ ታዲያ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ማን ያመጣዋል? መልሱ ሥራው በቅብብሎሽ መከናወኑ ነው።

በመጀመሪያ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ አነስተኛ ፕሮግራም ሚሞሪውንና ዲስኩን ይፈትሻል። ሁለተኛ፣ ይኸው ፕሮግራም ከዲስኩ ላይ አስነሺውን ፕሮግራም ፈልጎ ሥራውን ያስረክበዋል፤ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የተለመደው አስነሺ ግረብ ይባላል። ሦስተኛ፣ ግረብ የሥርዓቱን ዋና አካል፣ ማለትም ከርነሉን፣ ከአንድ ጊዜያዊ የፋይል ጥቅል ጋር ወደ ሚሞሪ ይጭናል። አራተኛ፣ ከርነሉ በጥቅሉ ውስጥ ባሉት ድራይቨሮች እየታገዘ ዋናውን ዲስክ ይከፍታል። አምስተኛ፣ የኔትወርክ፣ የፋይልና የድረ ገጽ አገልግሎቶች አንድ በአንድ ይነሣሉ። ከአምስቱ ቅብብሎች አንዱ ቢሰናከል ተከታዩ ሥራውን የሚረከብበት መንገድ የለም።

ማሻሻያ ለምን ያበላሻል?

ማሻሻያ አንድ ድርጊት ሳይሆን በሺሕ የሚቆጠሩ ጽሕፈቶች ድምር ነው። አዲሱ ከርነል ይጻፋል፤ ጊዜያዊው ጥቅል ይዘጋጃል፤ የግረብ ዝርዝር ይታደሳል። ኃይል በመካከል ከተቋረጠ አዲሱ ከርነል ተጽፎ ጥቅሉ ግን ሳይጠናቀቅ ሊቀር ይችላል። ኤክስት ፎር የተባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ለውጡን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ፣ ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ የፋይሎቹን አደረጃጀት እንዳያፈርስ በእጅጉ ይከላከላል። ነገር ግን ይህ መዝገብ ከርነሉና ጥቅሉ የሚጣጣሙ ስለ መሆናቸው የሚያውቀው ነገር የለም። እያንዳንዱ ጡብ ደህና ሆኖ ግድግዳው ሊዛባ ይችላል።

መብራት ሳይጠፋም ተመሳሳይ ችግር ይደርሳል። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የማስነሻ ፋይሎች የሚቀመጡት በአነስተኛ የተለየ ክፍልፋይ ላይ ነው። አሮጌ ከርነሎች ሳይሰረዙ ሲከማቹ ክፍልፋዩ ይሞላል፤ አዲሱም ጥቅል በግማሽ ይቆረጣል።

የመጨረሻው ምልክት የት ላይ ነው?

ችግርን የመፈለግ ጥበብ የሚጀምረው ሰንሰለቱን ለሁለት ከመክፈል ነው። አሥራ ስድስት ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶች ቢኖሩና እያንዳንዱ ጥያቄ የቀሩትን በግማሽ ቢቀንስ፣ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በትክክል የሠራው የመጨረሻው ደረጃ የትኛው ነው?

ማራገቢያው ካልዞረና መብራት ካልታየ ጥፋቱ በኃይል አቅርቦቱ እንጂ በማሻሻያው አይደለም። የሚነሣ ዲስክ አልተገኘም የሚል መልእክት ከመጣ ችግሩ ከሁለተኛው ደረጃ በፊት ወይም በዚያው ላይ ነው፤ የዲስኩ ገመድ ይታይ። የማዘርቦርዱ 3 ቮልት ባትሪም ይመርመር፤ ይህ ባትሪ ሲደክም ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የአነሣሥ ቅደም ተከተሉም ሊቀየር ይችላል። የግረብ የትእዛዝ መስመር ብቻ ከታየ አስነሺው ተነሥቷል፤ ዝርዝሩን ግን አላገኘም። ከርነሉ ዋናውን ዲስክ መክፈት አልቻልሁም ብሎ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ ተጠርጣሪው ያልተሟላው ጥቅል ነው። ስለዚህ መልእክቱ በስልክ ካሜራ ይነሣ፤ ማስታወሻ ይያዝ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ፈወሰ አያውቅም።

የጥገናው ቅደም ተከተል

ከሁሉ በፊት ቀላሉ ይሞከር። እንደ ኡቡንቱ ያሉ ሥርዓቶች የቀድሞውን ከርነል ወዲያው አይሰርዙም፤ ሲነሣ በሚታየው የግረብ ምናሌ ውስጥ ካሉት ተጨማሪ አማራጮች አሮጌውን መምረጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህ ካልሠራ ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን ማስነሣትና፣ የሰርቨሩን ዲስክ ለንባብ ብቻ ከፍቶ ውሂቡን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ቅጂው ሳይኖር በዲስኩ ላይ ምንም አይጻፍ። ከዚህ በኋላ የፋይል ሥርዓቱ ሳይከፈት ይፈተሻል፤ የማስነሻው ክፍልፋይ ሞልቶ እንደ ሆነ ይታያል፤ ከፍላሹም ወደ ተጎዳው ሥርዓት ተገብቶ የተቋረጠው ተከላ እንዲጠናቀቅ፣ ጥቅሉ እንደገና እንዲሠራና የግረብ ዝርዝር እንዲታደስ ይታዘዛል። ፎርማት የሚታሰበው ይህ ሁሉ ካልሆነ ብቻ ነው።

ይህ አካሄድ ለቤት ሰርቨር ብቻ የሚያገለግል አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ማርስ ላይ ያረፈችው ስፒሪት የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ፣ ካረፈች ሳምንታት ሳይሞላት ያለማቋረጥ እየጠፋች ትነሣ ጀመር። የፍላሽ ሚሞሪዋ በፋይሎች ብዛት ስለ ተጨናነቀ በተነሣች ቁጥር ትሰናከል ነበር። መሐንዲሶቹ ፍላሹን ሳትጠቀም እንድትነሣ አዘዟት፤ ከዚያም ትርፍ ፋይሎቹን አጸዱ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ያሰራጨው የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አሰናከለ። በብዙዎቹ ላይ መድኃኒቱ ኮምፒውተሩን በውሱን ሁኔታ አስነሥቶ አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር። በሁለቱም አጋጣሚዎች ፍልስፍናው አንድ ነው፦ የተጠረጠረውን ክፍል ወደ ጎን ትቶ ማስነሣት፣ ከዚያ መጠገን።

ከመብራት ጋር ያለው ሒሳብ

በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ የሚገኘው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም ማመንጨትና ማድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተርባይኑ ምንም ያህል ቢበረታ፣ በመስመሩ ላይ የሚወርድ አንድ መብረቅ ወይም የሚወድቅ አንድ ዛፍ የቤቱን መብራት ያጠፋል። ስለዚህ የቤት ሰርቨር የራሱ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል።

በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ የተለመደው ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ነው። ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመለወጥና በፍጥነት በማፍሰስ የሚባክነው ተቀንሶ 60 በመቶው ጥቅም ላይ ይውላል ብንል 50 ዋት ሰዓት ገደማ ይቀራል። 50 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል ማለት ነው፤ 5 ዋት ገደማ የሚወስድ እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ያለ አነስተኛ ኮምፒውተር ደግሞ በስሌቱ ወደ አሥር ሰዓት ይጠጋል። ማሻሻያን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ባትሪው ያረጀ ከሆነ ግን ስሌቱ አይሠራም።

ዩፒኤስ የውሂብ ቅጂን አይተካም። የሚመከረው ሕግ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ ግን እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

ይህን ሁሉ ያለ ኪሳራ መለማመድ ይቻላል። ተማሪዎች ቨርቹዋል ቦክስ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር በኮምፒውተራቸው ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ፈጥረው ሊኑክስ ይጫኑበት፤ ያለበትን ሁኔታ መዝግበው ማሻሻያውን ያስጀምሩ፤ በመካከል ያጥፉት። ከዚያም የትኛው ቅብብል እንደ ተበጠሰ ፈልገው ያስነሡት። ሦስት ጊዜ በተለያየ ደረጃ ላይ ያቋረጠ ተማሪ፣ እውነተኛው ሰርቨር በጥቁር ስክሪን ሲቆም «ፎርማት ይደረግ» ከማለቱ በፊት ስክሪኑን ያነባል።