ያልተጻፈ የልደት ቀን

በመርሐቤቴ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ከዓለም ከተማ ወጣ ብለው በጀማ ሸለቆ ዳር በሚገኙ ቀበሌዎችም ይህን ቀን እናት፣ አያትና የክርስትና እናት ቆጥረው ይይዙታል። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደትን ለማስመዝገብ የተሰጠው ጊዜ ደግሞ 90 ቀን ነው። ቀጠሮዎቹ ይህን ያህል ቢቀራረቡም የመጀመሪያው ይከበራል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ይህ ክፍተት የሕፃናት የማንነት ስርቆት ከሚባለው ወንጀል ጋር ምን ያገናኘዋል?

በአሜሪካ ሕፃን ሲወለድ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ለብዙ ዓመታት ለብድርም ሆነ ለቅጥር ስለማይውል አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የለም። ሌባው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ በቁጥሩ ላይ የራሱን ስምና ሐሰተኛ የልደት ቀን አስፍሮ ለዓመታት ይበደርበታል። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ከ42,232 ልጆች መካከል 4,311 የሚሆኑት ቁጥራቸው በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ተገኝቷል። (ልጆቹ መረጃቸው ቀድሞ ሾልኮ የወጣባቸው ስለነበሩ አኃዙን ለመላው አሜሪካ መውሰድ ስሕተት ይሆናል።)

በእኛ ሀገር የሚሰረቀው ቁጥሩ ሳይሆን ቀኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሀገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው ከጥናቱ መረጃ መሰብሰብ በኋላ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነውና። መዝገብ የሌላትን ልጃገረድ ለጋብቻ ወይም ለዓረብ ሀገር ሥራ ሲፈልጓት 18 ዓመት ሞልቷታል ብሎ መጻፍ ለደላላ አይከብደውም። የዘመን አቆጣጠራችንም ያግዘዋል። በጥር 2003 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ዓመቱ እንዳለ በፈረንጆች ቅጽ ላይ ቢሰፍር በወረቀት ስምንት ዓመት ታድጋለች።

ሳይንስ የጠፋውን ቀን ሊመልስ ይችላል? በከፊል ብቻ። የተለመደው ዘዴ የግራ እጅና የአንጓ ራጅ ማንሳት ነው። በልጅነት በአጥንቶቹ ጫፍ ያለው ልም አጥንት ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ስለሚለወጥ፣ ሐኪሙ ራጁን ከመመዘኛ ሥዕሎች ጋር ያስተያያል። ለዚህ በሰፊው የሚያገለግለው የግሩሊክና የፓይል መጽሐፍ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኦሃዮ ክሊቭላንድ ከነበሩ የተመቻቸ ኑሮ ካላቸው ነጭ ቤተሰቦች ልጆች የተዘጋጀ ነው። በጉርምስና ወቅት ግምቱ እስከ ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ የምግብ እጥረት ደግሞ የአጥንትን ዕድገት ያዘገያል። ስለዚህ 16 እና 18 ዓመትን መለየት በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ መሣሪያው ይደክማል።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣቶችን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖችን አይሪስና የፊት ምስልን ከባለ 12 አሃዝ ቁጥር ጋር ያያይዛል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብም አዲሱን አሻራ ከተከማቹት ጋር ያነጻጽራል። ለአዋቂ ጠንካራ መቆለፊያ ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው ጣቱ የማን እንደሆነ እንጂ ባለቤቱ መቼ እንደተወለደ አይደለም። የ15 ዓመቷ ልጅ 20 ተብላ ከገባች ቁልፉ ሐሰቱን ይበልጥ ያጸናዋል።

የአሻራ መስመሮች ገና በማሕፀን፣ በስድስተኛው ወር ገደማ ተቀርጸው ያልቃሉ፤ ችግሩ የጣቱ ማነስ ነው። የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው አኒል ጄይንና ባልደረቦቹ በሕንድ ባደረጉት ጥናት፣ ከተለመደው 500 ይልቅ በአንድ ኢንች 1,270 ነጥብ በሚያነብ መሣሪያ ስድስት ወር የሞላቸውን ሕፃናት ከአንድ ዓመት በኋላ 99 ከመቶ በሚጠጋ ትክክለኛነት ለይተዋል። የሕንድ መታወቂያ ግን እስከ አምስት ዓመት ድረስ የሕፃኑን ቁጥር ከወላጁ ቁጥር ጋር ማያያዝን መርጧል፤ አሻራው በአምስትና በ15 ዓመት ይወሰዳል። እስከዚያ ድረስ ሕፃኑ ማን እንደሆነ የሚመሰክረው ወረቀቱ ነው።

እንግዲህ በቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚቀርብ ወላጅ ሰነዱን አጥፎ ኪሱ ከመክተቱ በፊት ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈና ስሙ በትምህርት ቤት ከሚሰጠው ጋር አንድ መሆኑን ያንብብ። ማንበብ የማይችል ከሆነም፣ እዚያው ቤት ውስጥ ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አትጠፋም።