ሾፌር የሌላት መኪና፦ እንመን ወይስ እንጠርጥር?



ባለፈው ሰሞን በግቢያችን ሻይ ቤት የተነሣው ክርክር የክፍል ደወል ከተደወለ በኋላም አልበረደም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከመካከላችን አንዱ በአንዲት የአሜሪካ ከተማ መኪና ያለ ሾፌር ስትሄድ የሚያሳይ ፊልም በእጅ ስልኩ ይዞ መጣ። መሪው ብቻውን ይዞራል፤ የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ይሥቃሉ። ከፊላችን «አቤት ጉድ! ሥልጣኔ እዚህ ደረሰ!» ስንል፣ ከፊላችን ደግሞ «ኧረ ወዲያ፣ ቅንብር ነው!» አልን። አንዷ ጓደኛችን ግን «እውነት ቢሆንስ? እስቲ በገበያ ቀን መርሳን አቋርጣ ትለፍና እንያት!» ብላ ሁሉንም አሳቀች።

ሣቁ ሲያልፍ ጥያቄዋ ቀልድ ብቻ አለመሆኑ ተገለጸልን። እንደሚታወቀው ከደሴ ወደ ወልድያ የሚመጣው አውራ ጎዳና መርሳን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። በዚያው መንገድ ላይ ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ግመሉ፣ ጭድ የተጫነች አህያና ደብተሩን የያዘ ተማሪ አብረው ይሄዳሉ። ነገ በሀብሩና በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የምንመደበው እኛ ነን፤ ልጆቹን ስለ መንገድ የምናስተምረውም እኛ ነን። ስለዚህ የዚህችን መኪና ነገር መርምረን፣ ተስፋውንም ጥርጣሬውንም በየፈርጁ ለማቅረብ ወደድን።

መኪናዋ እንዴት ታያለች?

መኪናዋ ዐይን የላትም፤ ዐይንን የሚተኩ መሣሪያዎች ግን አሏት። አንደኛው ካሜራ ነው። ሁለተኛው በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ራዳር ነው። ሦስተኛው ላይዳር ይባላል፤ እርሱም የሌዘር ብርሃን ይልካል። የላይዳርን አሠራር ለመረዳት ከገደል ፊት ቆመን ስንጮኽ የሚመለስልንን የገደል ማሚቶ እናስታውስ። ድምፃችን ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ብንለካ የገደሉን ርቀት ማስላት እንችላለን። ላይዳርም እንዲሁ ነው፤ በድምፅ ፈንታ ብርሃን ይልካል። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 30 ሜትር ርቃ ከቆመች አህያ ደርሶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ 10 ሚሊዮን እጅ 2ቱ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን እየቆጠረ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይሥላል፤ ብዙ ጊዜም አስቀድሞ ከተሰጠው ካርታ ጋር ያስተያያል። ከዚያም «ይህ ሰው ነው፣ ያ መኪና ነው፣ ይኸኛው ወደዚህ ሊዞር ነው» ብሎ ይገምታል፤ በግምቱም መሪውንና ፍሬኑን ያዛል።

እዚህ ላይ «ራሷን የምትነዳ» የሚለው ስም ብዙ ሰው እንደሚያሳስት መታወቅ አለበት። በአሜሪካ የሚገኘው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መለኪያ መሠረት ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 5 ናቸው። በ2ኛው ደረጃ መኪናዋ መሪና ፍጥነት በመቆጣጠር ታግዛለች እንጂ ሾፌሩ ዐይኑን ከመንገድ ማንሣት የለበትም። በ4ኛው ደረጃ ያለ ሾፌር ትሄዳለች፤ ይሁን እንጂ በተወሰነ አካባቢና በተወሰነ ሁኔታ ብቻ ነው። 5ኛው ደረጃ ማለት ሰው ሊነዳ በሚችልበት መንገድና አየር ሁሉ ያለ ሰው መሄድ ማለት ነው፤ ይህችኛዋ እስከ ዛሬ በየትም አገር ለሕዝብ አልቀረበችም። እኛ ሻይ ቤት ያየናት የ4ኛው ደረጃ ናት። በአገራችንም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል፤ አንዳንዶቹም የ2ኛው ደረጃ ዕርዳታ የተገጠመላቸው ናቸው። እንግዲህ ሻጩ «ይቺ እኮ ራሷን ትነዳለች» ቢል፣ ገዢው «ደረጃዋ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ተስፈኞቹ ምን ይላሉ?

ተስፈኞቹ ክርክራቸውን የሚጀምሩት ከሰው ልጅ ድካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገልጿል። ከ100ው ሟች 92ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። መኪናዋ ግን፣ ይላሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ብትጓዝ እንቅልፍ አይጥላትም፤ አትጠጣም፤ ጫት አትቅምም፤ ከፊቷ ያለውን ለመቅደም እልክ አትጋባም። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች አንዲት ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይነጉዳል።

ተስፋቸው ከሜዳ ተነሥቶ የመጣም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካው ሞሃቬ በረሃ ለሾፌር አልባ መኪኖች ውድድር ተዘጋጅቶ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚሆነው መንገድ ከሁሉ የተሻለችው የሄደችው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በዓመቱ ግን 5 መኪኖች መንገዱን ጨረሱ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ዓይነ ሥውር ሰው በኦስቲን ከተማ በእንዲህ ያለች መኪና ብቻውን ተሳፍሮ ሄደ። ይህን ወሬ ስናነብለት ዓይነ ሥውር የሆነው የክፍላችን ልጅ «እናንተ ስለ ሾፌር ትከራከራላችሁ፤ እኔ ግን የሰው እጅ ሳልይዝ የምሄድበትን ቀን ነው የማስበው» አለን። ዝም አልን።

ዌይሞ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ከተሞች በሳምንት ከ250,000 በላይ የተከፈለባቸው ጉዞዎች እንደሚያደርግ አስታውቋል። የኩባንያው ተመራማሪዎችም 91 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጉዞ መርምረው፣ በእነዚያው ከተሞች ሰው ከሚነዳው መኪና ጋር ሲነጻጸር ከባድ ጉዳት ያደረሱ አደጋዎች በ85 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን በዚያው ዓመት አሳትመዋል። አኀዙ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ መርማሪዎቹ የኩባንያው ሰዎች መሆናቸውንና መንገዶቹ አስቀድመው በካርታ የተጠኑ መሆናቸውን አንዘንጋ።

ተጠራጣሪዎቹስ?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ጥርጣሬው የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባደረገው ጥናት በእንዲህ ያለች መኪና ለመሳፈር እምነት አለኝ ያለው ከ100 ሾፌር 13ቱ ብቻ ነው፤ 61ዱ እፈራለሁ ብሏል። መኪናዋ በተሠራችበት አገር ነው እንግዲህ!

ለዚህም ምክንያት አላቸው። የቴስላው ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በ2019 ሾፌር አልባ ታክሲዎች በሚቀጥለው ዓመት እንደሚመጡ ተናግሮ ነበር፤ ኩባንያው አገልግሎቱን በኦስቲን የጀመረው ግን በ2025 ነው፤ ያውም በጥቂት መኪኖች፣ ከፊት ወንበር ተቆጣጣሪ ሰው ተቀምጦ። ከዚህ የከፋው ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በአሪዞና የደረሰው ነው። የኡበር የሙከራ መኪና ሌሊት ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭታ ገደለች። በምርመራው እንደታወቀው ኮምፒዩተሩ ሴትዮዋን ከብዙ ሜትር ርቀት አይቷት ነበር፤ ነገር ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ሌላ ነገር እያለ አመነታ። እግረኛ ከማቋረጫ ውጭ ሊሻገር ይችላል የሚል ሐሳብ አልተሰጠውም ነበር። በመሪው ኋላ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪም መንገዱን እያየች አልነበረም። አሁን የጓደኛችንን ጥያቄ እናስታውስ፦ መርሳ ላይ ከማቋረጫ ውጭ የማይሻገር ማን አለ?

እኛም ከወልድያ መናኸሪያ አንድ አንጋፋ ሾፌር አግኝተን «ጋሼ፣ ሾፌር የማያስፈልጋት መኪና መጥታለች ይባላል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ መንዳት መሪ ማዞር ብቻ መሰላችሁ?» አሉን። «ከድልብ ወደ ጋሸና ስወጣ ጉም ይወርዳል። ከጉሙ ውስጥ አንድ በግ ብቅ ካለ፣ ከበጉ ኋላ እረኛ ልጅ እንዳለ ዐውቃለሁ። እሷ በጉን አየች እንበል፤ ልጁን ገና ሳይወጣ ታውቀዋለች? ደግሞ ባልቴቲቱ ዐይኔን አይታ ነው የምትሻገር። ከእሷ ጋር በምን ይግባባሉ?» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ ሁሉንም ቻለች እንበል። ረዳቴ ምን ይብላ?» አሉ።

ለመጀመሪያው ጥያቄያቸው መልስ አለ፤ ማሽኑ የሚያውቀው የተማረውን ነው። በግና እረኛ በሌለበት ከተማ የተማረች መኪና ከበጉ ኋላ ልጅ አትጠብቅም፤ ካስተማሯት ግን ልትጠብቅ ትችላለች። ለመጨረሻው ጥያቄያቸው ግን መሐንዲስ ብቻውን የሚሰጠው መልስ የለም። በሾፌርነት፣ በረዳትነትና በባጃጅ የሚተዳደረው ሰፊ ሕዝብ ነውና፣ አብሮ ሊመከርበት የሚገባ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በእኛው አገር ሰማይ የደረሰው

ጥርጣሬ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሲኒማ በአዲስ አበባ ሲጀመር የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ነገሩን ሳይጠይቅ የሚሸሽ ነው፤ ጊዜ ራሱ ያሸንፈዋል። ሌላ ዓይነት ጥርጣሬ ደግሞ አለ፤ እርሱ የሰው ሕይወት የሚያድን ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልገንም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከ4 ወር በላይ ቀደም ብሎም ያው ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በአውሮፕላኑ ውስጥ አፍንጫውን በራሱ ወደታች የሚገፋ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ ውሳኔውን የሚሰጠው ከአንድ መለኪያ መሣሪያ ብቻ እየተቀበለ ስለነበር፣ ያ አንዱ ሲሳሳት አብራሪዎቹ ወደ ላይ ሲያነሡ ማሽኑ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት አብራሪዎች ስለዚህ ሥርዓት መኖር እንኳ አልተነገራቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ። ሥርዓቱ የሁለቱን መሣሪያዎች ንባብ እንዲያስተያይ ተስተካከለ፤ አብራሪዎችም ሠለጠኑ። አየር መንገዳችን እንደገና ማብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ነው። ከዚህ የምንማረው «ማሽን አይታመንም» የሚል አይደለም፤ ማሽን የሚታመነው ስሕተቱ ሲገለጥ፣ ሲታረምና ተጠያቂ ሲኖረው ነው የሚል ነው። ለሾፌር አልባዋ መኪናም ይኸው ሕግ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 በሳን ፍራንሲስኮ የክሩዝ ኩባንያ መኪና፣ ሌላ መኪና የገጫትን ሴት 6 ሜትር ያህል ጎተተቻት። ኩባንያው ያለ ሾፌር የመሥራት ፈቃዱን ተነጠቀ፤ በኋላም ለመርማሪዎች ሐሰተኛ ሪፖርት ማቅረቡን አመነ። በ2024 መጨረሻ ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ ለታክሲ ሥራው ገንዘብ ማውጣት አቆመ። እምነትን የጨረሰው አደጋው ብቻ ሳይሆን መደበቁም ነበር።

እኛን ታየናለች ወይ?

በአዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡዎላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ከፊት ምስል ጾታ የሚለዩ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች በነጭ ወንዶች ላይ ከ1 በመቶ በታች ሲሳሳቱ፣ በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ መሳሳታቸውን አሳይታለች። ለዚህ ምክንያቱ ማሽኑ የተማረባቸው ሥዕሎች በአብዛኛው የነጮች መሆናቸው ሊሆን ይችላል። ጥናቱ ስለ መኪና ባይሆንም ለመኪናዋም ጥያቄ ያስነሣል፦ ማሽን ያላሳዩትን አያውቅም። እንጨት ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ፣ አመሻሽ ላይ የምትሄድ የሀብሩ እናት በዚያች መኪና ትምህርት ውስጥ አለች ወይ?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጨረሻ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፦ «እንመን ወይስ እንጠርጥር?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎደሎ ነው። ሦስት ጥያቄዎች ይጨመሩበት። አንደኛ፣ በየትኛው መንገድና በየትኛው አየር ተፈተነች? ሁለተኛ፣ ብትሳሳት ማን ይጠየቃል፣ ስሕተቷስ ለሕዝብ ይገለጣል ወይ? ሦስተኛ፣ እኛን፣ ከብቶቻችንንና አካሄዳችንን ተምራለች ወይ? መልስ ካገኘን ተስፋ እናድርግ፤ ካላገኘን እንጠርጥር። ይህን መጠየቅ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ሳይንስ ማለት ይኸው ነውና።

እስከዚያው ግን መኪናዋን ቁጭ ብለን አንጠብቅ። ዛሬ በመርሳ፣ በውርጌሳና በወልድያ መንገድ የሚነዳው ሰው ነው። የተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንደርስ ልጆቹን ሜዳ ላይ እናውጣቸው፤ 17 ሜትር በሜትር አስለክተን በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ እናስቀምጥ። «ሾፌሩ አይቷችሁ ፍሬን እስኪረግጥ መኪናው ይህን ያህል ይሄዳል፤ ከረገጠም በኋላ ወዲያው አይቆምም» እንበላቸው። ሒሳብም ነው፤ ፊዚክስም ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ልጁ ማታ ቤቱ እንዲገባ ነው።

የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጆች